የሚያልፍ ሥዕል፣ የሚጠብቅ ተመልካች፦ የጎዳና ሥዕል አጠናን ከሰመራ መንገድ ሲታይ

የጎዳና ሥዕል ለማየት ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝ ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ራሱን የቻለ የጉብኝት ዓይነት ሆኗል። ተጓዡ በርሊን ሲደርስ እ.ኤ.አ. በ1990 በግንቡ ቅሪት ላይ ወደተሣሉት፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ወዳላቸው ሥዕሎች ያመራል፤ ሜልቦርን ላይ ሆዚየር ሌን የተባለውን ጠባብ መተላለፊያ ይፈልጋል፤ ቫልፓራይሶ ላይ ኮረብታዎቹን በእግሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጥናቱም የተጓዡን ዱካ ተከትሏል። የከተማው ስም ይጠቀሳል፣ ግድግዳው በካርታ ላይ ይመለከታል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከተገኘም የሠዓሊው ስም ይመዘገባል። በዚህ አሠራር ውስጥ ሳይነገር የሚታለፍ አንድ እሳቤ አለ፤ ሥዕሉ ቋሚ፣ ተመልካቹ ተንቀሳቃሽ ነው የሚል። ይህ አጭር ጽሑፍ እሳቤው ሰመራ ላይ እንደሚገለበጥ፣ በተለመደው ዘዴ የሄደ አጥኚም ከተማዋን ባዶ ብሎ መዝግቦ ሊመለስ እንደሚችል ለማሳየት ይሞክራል።

ከአዋሽ በኋላ

ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው መንገድ አዋሽ ሰባት ኪሎ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ በሚኤሶ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ይሄዳል። በዚያ የታጠፈ ተጓዥ የፈለገውን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎቹን በነጭ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በሮዝ ቀለም አስውቦ ይጠብቀዋል። ግድግዳው አለ፣ ቀለሙ አለ፣ ነዋሪውም ያድሰዋል።

የግራው መንገድ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ፣ ከዚያም በዲቾቶ አልፎ ጋላፊ ላይ ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። ሰመራ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማነትን ከአሳይታ የተረከበች፣ በሜዳ ላይ በፕላን የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። በሐጋይ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ብዙዎቹ ሕንጻዎች የመሥሪያ ቤት ሕንጻዎች ናቸው፤ ከአስፋልቱ ራቅ ብለው፣ በአጥር ተከበው ቆመዋል። ወደ ኤርታሌና ወደ ዳሎል የሚሄደው ጎብኚ ፈቃድ ለማውጣት፣ ውኃና ነዳጅ ለመያዝ ይቆምባትና ጉዞውን ይቀጥላል።

በግድግዳ ላይ ምንም የለም ማለት ግን አይደለም። በሰመራም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የተሣሉ ታፔላዎች፣ በአማርኛና በላቲን ፊደል በሚጻፈው አፋርኛ የተጻፉ የሱቅ ስሞች አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ማለት ያስፈልጋል፤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የልብን፣ የምግብ መፍጫ አካላትን ወይም የዓለምን ካርታ ሥዕል ሳያይ ያደገ ኢትዮጵያዊ ተመራቂ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለ ኢትዮጵያ የግድግዳ ሥዕል ሲነሣ ግን ወደ አእምሮ የሚመጡት የአብያተ ክርስቲያናቱና የአደባባዮቹ ሥዕሎች ብቻ ናቸው። አጥኚው የሚያጣው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገውን ስለሚያውቅ ነው።

መንገዱ እንደ ግድግዳ

በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ተዘጋ፤ የአገሪቱም የወጪና ገቢ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ ከዚህ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በአዋሽና በድሬዳዋ በኩል ስለሚሄድ ሰመራን አይነካትም፤ የሰመራ ድርሻ ከባድ መኪናው ነው። ተሳቢው፣ ቦቴውና ሲኖትራኩ ቀንና ሌሊት ያልፋሉ። ከእነርሱም ጋር ጽሑፍና ሥዕል ያልፋል፦ በጋቢናው መስታወት አናት ላይ የተጻፈ «ማሻአላህ»፣ ፈረሱን የጋለበ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የቦብ ማርሌ ፊት፣ የእንግሊዝ ክለቦች ዓርማ፣ የልጅ ስም፣ የትውልድ አገር ስም፣ ከኋላ ጎማው በስተጀርባ በሚንጠለጠለው የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ላይ የተጻፈ ምክር ወይም ቀልድ።

ይህን ከፓኪስታን የመኪና ሥዕል ጋር ማወዳደር ይቀናል፤ ማጋነን ግን አይገባም። የፓኪስታኑ ሠዓሊ መላ አካሉን በአበባ፣ በወፍና በመስታወት ስብርባሪ ይሸፍነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲህ ያለ አንድ መኪና በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የባህል ፌስቲቫል ለእይታ ቀርቦ ነበር። የኢትዮጵያው ቁጥብ ነው። የትልልቅ ድርጅቶች መኪኖች አንድ ዓይነት ቀለም የተቀቡና ጌጥ የራቃቸው ናቸው። በግል መኪናም ቢሆን ሥዕሉ ጠርዝ ጠርዙን ይይዛል፤ ስለዚህ የት እንደሚታይ ማወቅን ይጠይቃል።

ጠርዙ ግን የራሱ አንባቢ አለው፤ የጥናቱም ፍሬ ያለው እዚህ ይመስላል። የመኪናው ፊት የሚታየው ከፊት ለሚመጣ ሰው ነው፣ ያውም ለቅጽበት። የኋላው ግን የተከታዩ ሹፌር ንባብ ነው። ዳገት ላይ መቅደም ያልቻለ ሹፌር አንዱን ዐረፍተ ነገር ለረጅም ደቂቃ ከፊቱ ይዞት ይጓዛል፤ በርሊን የደረሰ ጎብኚ በአንድ ሥዕል ፊት ይህን ያህል ጊዜ መቆሙ ያጠራጥራል። ጸሎቱ ከፊት፣ ቀልዱ ከኋላ የሚያመዝን ከሆነ፣ ምክንያቱ ከሁለቱ አንባቢዎች ልዩነት ጋር ተያይዞ ሊመረመር ይገባዋል።

ቆሞ መጠበቅ

ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት አርአያ የሚሆነው የግድግዳ ከተሞች ተሞክሮ ሳይሆን የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች የሣሉት በፉርጎ ላይ ነበር፤ ሥዕሉም ከሠፈር ሠፈር ይዞር ነበር። ሄንሪ ቻልፋንትና ማርታ ኩፐር የተባሉት ፎቶግራፍ አንሺዎች ባቡሩ ከመሬት በላይ በሚሄድባቸው ሠፈሮች ቆመው ይጠብቁት ነበር። ቻልፋንት አንዱን ፉርጎ በተከታታይ፣ ጫፍና ጫፋቸው በሚደራረብ ፎቶግራፎች አንሥቶ ኋላ ይቀጥላቸዋል። የጋራ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ታተመ። የከተማው የትራንስፖርት አስተዳደርም ግንቦት 12 ቀን 1989 (እ.ኤ.አ.) በሥዕል የተሸፈነውን የመጨረሻ ባቡር ከአገልግሎት አወጣ። ዛሬ ስለዚያ ሥዕል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የሚመረኮዘው ቆመው በጠበቁ ሰዎች መዝገብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ መኪናው የሰመራ አይደለም፤ ቀለሙ የተቀባው በሌላ ከተማ ጋራዥ ነው፤ ታዲያ የሰመራ ሥዕል ሊባል ይችላል? መልሱን ከአፋር አኗኗር ለመፈለግ መሞከር ያጓጓል። የአፋር አርብቶ አደር ቤት፣ ዳቦይታ፣ ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል በሚሠሩት ሰሌን የሚለበስ፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን ቤት ነው። ግድግዳው ራሱ በሚጓዝበት አገር የቆመ ግድግዳን የጥበብ መለኪያ ማድረግ ያስተዛዝባል። ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ ግመሉንና ተሳቢውን የአንድ ባህል ሁለት ገጽ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ሹፌሩና ባለንብረቱ ብዙውን ጊዜ ከሌላ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ መንገዱም የግጦሽ መሬትን ያቋርጣል፣ ከብትም ይገጭበታል። ጠበብ ያለው አባባል ይሻላል፦ ሰመራ ሥዕሉ የሚሠራባት ሳትሆን የሚነበብባት ቦታ ናት። የንባብ ቦታም ከሥራው ቦታ እኩል መጠናት ይችላል።

ጥናቱ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በእጅ የሚጻፈውን ፊደል የኮምፒዩተር ኅትመት እየተካው ነው፤ በየከተማው ባሉ ማተሚያ ቤቶች ስቲከርና ባነር በርካሽና በፍጥነት ይገኛል። ሥዕሉ በዚህ ይበዛ እንደሆነ እንጂ አያንስም፤ የሚጠፋው ሌላ ነው። ታፔላ ጸሐፊ ሁሉ «ሐ»ን የሚያጎብጥበት፣ «ጨ»ን የሚያስረዝምበት የራሱ እጅ ነበረው፤ ኅትመቱ ግን ከጥቂት የፊደል ቅርጾች አይወጣም። የግእዝ ፊደል በብራና ላይ የነበረው የእጅ ታሪክ ተጠንቷል፤ በቆርቆሮና በላስቲክ ላይ ያለው ታሪክ ግን ሳይጻፍ እያለፈ ነው።

መዝገቡን ለመጀመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አጥኚው አንድ ቦታና የታወቁ ሰዓታት ይመርጣል፤ የመኪናውን ፊት፣ ጎንና ኋላ ለየብቻ፣ ወደ ወደብ የሚወርድ ወይም የሚመለስ መሆኑን ጨምሮ ይመዘግባል። ጽሑፉ የፊደል ግድፈቱ ሳይታረም እንዳለ ይገለበጣል። ሰሌዳ ቁጥር አይያዝም፤ የሹፌሩ ፈቃድ መኪናው ሲቆም ይጠየቃል። ለዚህ ከሰመራ ይልቅ ሹፌሮች የሚያርፉባት ጎረቤቷ ሎግያ ትመቻለች። ጎሚስታው ጎማ እስኪለጥፍ ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል፤ ስለ ጽሑፉ ለሚጠይቀው ሰው ለመመለስም ጊዜ ይኖረዋል። ተቀድዶ የተለወጠ የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ሲገኝም ከነጽሑፉ ቢሰበሰብ ይበጃል፤ ወደ ቆሻሻ ከተጣለ በኋላ የሚፈልገው የለምና።