አንድ ጠመኔ ለአራት ተማሪ፦ ኮምፒዩተር ብዙ ሥራ የሚሠራው እንዴት ነው?

«ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራል» ሲባል እንሰማለን። ነገ ክፍል ገብቶ ይህንኑ እንዳለ የሚደግም እጩ መምህር ግን ተማሪውን ያሳስታል። ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች በርከት ያሉ የማስሊያ ክፍሎች ስላሏቸው አባባሉ በከፊል እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ግን ዋና ፕሮሰሰራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በየቅጽበቱ የሚፈጽመው የአንድ ፕሮግራም ትእዛዝ ነው። ታዲያ ብዙ ሥራ የሚሠራ የሚመስለው እንዴት ነው? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ተራ።

ሀ/ ተራ ከመምጣቱ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር የውስጥ ሰዓቱ በሴኮንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር። ፍጥነቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ፣ መሣሪያውን የሚያስተዳድረው ዶስ የተባለው ፕሮግራም የተሠራው አንድ ሥራ ብቻ ለማስኬድ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከሒሳብ ሠንጠረዥ አንዲት ቁጥር ለማየት ቢፈልግ፣ ደብዳቤውን ዲስኬት ላይ ያስቀምጣል፤ ከጽሕፈቱ ፕሮግራም ይወጣል፤ የሒሳቡን ይከፍታል፤ ቁጥሯን ወረቀት ላይ ይጽፍና መንገዱን ሁሉ እንደገና ይመለሳል።

መስኮት የመጣው ይህን ድካም ለማቃለል እንጂ ለጌጥ አይደለም። ስክሪኑን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሥራ ቦታ መስጠት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብዙ መስኮት ማለት ብዙ ሥራ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ መስኮቶችን እንደ ወረቀት ይደራርብ ነበር፤ ሜሞሪው ግን 128 ኪሎባይት ብቻ ስለነበረ፣ እንደ ሒሳብ ማሽን ካሉ ትንንሽ መገልገያዎች በቀር የሚያስኬደው አንድ ፕሮግራም ነበር።

ለ/ ሁለት ዓይነት ተራ

1ኛ/ በፈቃድ የሚለቀቅ ተራ፦ ፕሮግራሙ ሲበቃው «እኔ ጨርሻለሁ፣ ሌላው ይግባ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስና በ1987 ለማኪንቶሽ የመጣው መልቲፋይንደር የተከተሉት ይህን መንገድ ነው።

2ኛ/ በሰዓት የሚነጠቅ ተራ፦ አስተዳዳሪው ፕሮግራም ሰዓት ይዞ ይቆጥራል፤ ጊዜው ሲያልቅ ሥራው የት እንደደረሰ መዝግቦ ተራውን ለሚቀጥለው ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1985 የኮሞዶር ኩባንያ ያወጣው አሚጋ ይህንን በ256 ኪሎባይት ሜሞሪ ይሠራ ነበር።

ሐ/ መስኮቱ ለምን ይደርቃል?

የፊተኛው መስኮት ሲነሳ ከሥሩ የነበረው ባዶ ሆኖ ይታያል። የተሸፈነውን ሥዕል ሁሉ ለማስቀመጥ ሜሞሪ ስለማይበቃ፣ የማኪንቶሽም የዊንዶውስም ዘዴ ባለመስኮቱን ፕሮግራም «የተገለጠውን ክፍል እንደገና ሣል» ብሎ ማዘዝ ነበር። ለመሣል ግን ተራ ያስፈልጋል። አንዱ ፕሮግራም ተራውን አልለቅም ካለ፣ የሌሎቹ መስኮት ባዶውን ድርቅ ብሎ ይቀራል። ባለቤቱም መሣሪያውን ከማጥፋት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ዲስኬት ላይ ያላስቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይጠፋል። የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶችን ጎን ለጎን ይደረድር ነበር እንጂ አይደራርብም ነበር፤ መደራረቡ የመጣው በ1987 ከሁለተኛው ጋር ነው።

ሰዓት ብቻውንም አይበቃም። በአሚጋ ውስጥ በፕሮግራሞች ሜሞሪ መካከል አጥር ስላልነበረ፣ አንዱ ሲሳሳት የጎረቤቱን ሥራ ያበላሽ ነበር። ተራ በሰዓት፣ ሜሞሪም በአጥር የሆነበት አሠራር በሰፊው ወደ ግል ኮምፒዩተር የገባው በ1990ዎቹ ነው፤ ማኪንቶሽ ዘንድ የደረሰው በ2001 ነበር።

መ/ ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍልም ይህን ማሳየት ይቻላል። ሰሌዳውን ለአራት ክፈሉ፤ አራት ተማሪዎች አውጡና አንድ ጠመኔ ስጡ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 30 ይጽፋል። በመጀመሪያው ዙር ጠመኔውን የያዘው ሲፈቅድ ይለቃል፤ ከአራቱ አንዱን ግን «እንዳትለቅ» ብላችሁ በጆሮው ንገሩት። የሚሆነውን ክፍሉ ራሱ ያየዋል። በሁለተኛው ዙር አንድ ተማሪ በየአምስት ሴኮንዱ ያጨብጭብ፤ ሲያጨበጭብ ጠመኔው የግድ ይተላለፋል። ከዚያ ጭብጨባው በየሴኮንዱ ይሁን። ጠመኔው ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ማንም አይጽፍም፤ ስለዚህ ተራ ሲበዛ ሥራው ያንሳል። ፕሮሰሰሩም ተራ በለወጠ ቁጥር እንዲሁ ጊዜ ይከፍላል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ብዙ መስኮትና ብዙ ሥራ የሚለያዩት በምንድን ነው?
2. በፈቃድ በሚለቀቅ ተራ አንድ ፕሮግራም ሁሉንም የሚያቆመው ለምንድን ነው?
3. በሙከራው አንዱ ተማሪ የጎረቤቱን ጽሑፍ በዳስተር ቢያጠፋ፣ የጎደለው ሰዓት ነው ወይስ አጥር?