ቤትም ትምህርት ቤት ይሆናል

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገባ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በከተማም በገጠርም ያሉ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮ ትምህርት መስጠት ተጀመረ። ነገር ግን በገጠር ሬዲዮ የሌለው ቤት ብዙ ነበር።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ልጆች እንዴት ተማሩ? ብዙዎቹ አልተማሩም። ጥቂቶቹ ግን በእናታቸው፣ በአባታቸውና በአያታቸው እጅ ቤት ውስጥ ተማሩ። ነገሩን ለመረዳት እንዲቀለን በአማራ ክልል ደጋማ ቀበሌ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ።

፩. ቤተሰቡ

አባት አርሶ አደር ነው። አንድ በሬ ብቻ ስላለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። እናት ማንበብና መጻፍ የተማረችው በቅርቡ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ቀስ ብላ ታነባለች፤ ስትጽፍ ግን እጇ ይከብዳታል።

አያት የአባት አባት ናቸው። እሳቸው ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲሆን ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር።

ልጆቹ አራት ናቸው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፤ 6ኛ ክፍል ነበረች። ወንድሟ 10 ዓመቱ ሲሆን 3ኛ ክፍል ነበር። ትንሿ ልጅ 7 ዓመቷ ነው፤ 1ኛ ክፍል ገና መግባቷ ነበር። የመጨረሻው 4 ዓመቱ ነው።

፪. የመጀመሪያው ሳምንት

እናት መጀመሪያ የሞከረችው ቤቱን ልክ እንደ ትምህርት ቤት ለማድረግ ነበር። አራቱንም ልጆች በመደብ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከጠዋት እስከ ቀትር ልታስተምር ፈለገች።

አልሆነም። ትንሹ ልጅ አለቀሰ። ወንዱ ልጅ ሰበብ ፈልጎ ወጥቶ ሄደ። ውሃ የሚቀዳ ጠፋ። ጥጃውን የሚጠብቅ ስላልነበረ ከእናቱ ጋር ተገናኝቶ ወተቱን ጠብቶ ጨረሰው። ዓርብ ማታ እናት ደክሟት ተቀመጠች።

«እኔ አልቻልኩም። አስተማሪ አይደለሁ፣ ምን አገባኝ!» አለች።

አባትም፣ «እኔም ሞፈር እንጂ ጠመኔ ይዤ አላውቅም» አለ።

አያት ግን ሳቁ። «ልጆቼ፣ እኛ እኮ ቀን አርሰን ማታ ነበር የምንማር። ትንሽ ትንሽ ነው፤ ግን ሳያቋርጡ። ሥራው ሥራ ነው፤ ትምህርቱም ትምህርት ነው። ሁለቱንም ቦታ አስይዟቸው» አሉ።

እናት፣ «እውነትዎን ነው አባባ። እንግዲያው እርስዎም ያግዙኝ» አለች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተመካከረ። ትልቋ ልጅ በከሰል በግድግዳው ላይ ሰባቱን ቀናት ጻፈች። ማን መቼ ከብት እንደሚጠብቅ፣ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን መቼ እንደሚማር ተጻፈ። ውሃ መቅዳት የሴቶቹ ልጆች ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ። አንድ ቀን እህት፣ አንድ ቀን ወንድም እንዲቀዱ ተወሰነ። የትምህርቱ ሰዓት ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሆነ። በዚያ ሰዓት ከብት የወጣ ልጅ ማታ ከራት በፊት ይማራል።

፫. የሳምንቱ ትምህርት

ሰኞ የፊደል ቀን ነው። አስተማሪው አያት ናቸው። ወረቀት እንዳያልቅ የተነፋ አመድ በትሪ ላይ ይፈስሳል። ልጅ በጣቱ ይጽፍበታል፤ ሲሳሳት ትሪውን ነቅነቅ አድርጎ እንደገና ይጽፋል።

ትንሿ ልጅ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» እንደ ውሃ ታወርደዋለች። አያት ግን «በ» የሚለውን ፊደል ብቻውን ጽፈው «ይኼ ማነው?» ሲሏት ዝም አለች። ፊደሉን በዜማ ታውቀዋለች እንጂ በዓይኗ አታውቀውም ነበር። ይህ በብዙ ልጆች ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፊደልን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐልም እያነሱ መጠየቅ ነው።

አያት የፊደልን ጠባይም አሳዩዋት። «በ» ወገቧ ላይ ቅጥያ ሲጨመርላት «ቡ» ትሆናለች። ቅጥያው ወደ እግሯ ሲወርድ «ቢ» ትሆናለች። እግሯ ሥር ቀለበት ሲደረግላት «ቤ» ትሆናለች። «ለ»ም «ከ»ም «ሰ»ም እንዲሁ ናቸው። እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉት ግን ጠባያቸው ለየት ስለሚል ለብቻቸው ይጠናሉ። «ሰ» ራሷ ላይ ምልክት ሲደረግባት «ሸ» ትባላለች፤ «ነ»ም «ኘ»፣ «ደ»ም «ጀ» ትሆናለች።

ማክሰኞ የሒሳብ ቀን ነው። እናት 100 ቀጫጭን እንጨቶች ሰበሰበች። አሥር አሥሩን በልጥ አሰረቻቸው። አንድ እስር አሥር ነው።

ወንዱ ልጅ «60 ሲቀነስ 33» የሚለውን ሠርቶ «33» አለ። ከ6 ላይ 3 ቀነሰ። ከ0 ላይ 3 መቀነስ ስላቃተው ደግሞ ገልብጦ ከ3 ላይ 0 ቀነሰ። እናት በጽሑፍ እንዴት እንደሚበደሩ አታውቅም። ነገር ግን ስድስት እስር እንጨት ፊቱ አስቀመጠች።

«በል ሠላሳ ሦስት አንሣ» አለችው።

ልጁ ሦስት እስር አነሣ። ቀጥሎ ሦስት እንጨት ማንሣት ነበረበት፤ ሁሉም ግን ታስሯል።

«እማዬ፣ አንዱን ልፍታው?» አለ።

«ፍታዋ!»

አንዱን እስር ፈታ፤ ከአሥሩ ሦስቱን አነሣ። የቀረውን ቆጠረ። ሁለት እስርና ሰባት እንጨት ሆነ፤ 27 ማለት ነው። መበደር ማለት እስር መፍታት መሆኑ ያን ቀን ገባው። እናትም አብራ ተማረች።

ረቡዕ የንባብ ቀን ነው። በቤቱ ያለው መጽሐፍ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ይነበባል። የትንሹ ልጅ የክትባት ካርድ ተነበበ። የማዳበሪያ ከረጢት ተነበበ። አንድ ረቡዕ አባት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ከሣጥን አወጣ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍና ስም አለ። ትልቋ ልጅ የእናቷን ስም ጮክ ብላ አነበበች። እናት ደብተሩን ተቀብላ ስሟን ራሷ በጣቷ እየተከተለች ደገመችው። መሬቱ የእሷም እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ በዓይኗ አንብባው ግን አታውቅም ነበር።

ሐሙስ የጽሕፈት ቀን ነው። ትልልቆቹ ልጆች ከተማ ላለው አጎታቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ትንሿ ልጅ ስሟን ትጽፋለች። የአራት ዓመቱ ልጅ ክብና መስመር በአመድ ላይ ይሥላል። ለእሱ ያ ይበቃዋል።

ዓርብ የክለሳ ቀን ነው። በዚህ ቀን ልጆች ይጠይቃሉ፤ ትልልቆቹ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ትልቋ ልጅ ከሳይንስ መጽሐፏ አንድ ቃል ጠየቀች። የሚያውቀው ጠፋ። እናት አላፈረችም። «አላውቀውም። ጻፊውና አስተማሪሽን ስናገኘው እንጠይቀው» አለቻት። ከዚያ በኋላ ልጆቹም የማያውቁትን አላውቅም ማለት አልከበዳቸውም።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ወንዱ ልጅ ከእናቱ ጋር ይወርዳል። 12 እንቁላል አንዱን በ5 ብር ሸጡ፤ 60 ብር ሆነ። ጨው በ15 ብር፣ ሳሙና በ18 ብር ገዙ፤ 33 ብር ሆነ። «ስንት ቀረን?» ስትለው ልጁ ሳይቆጥር «27» አላት። እንጨቱ በልቡ ነበር።

እሑድ ዕረፍት ነው። ማታ ግን አያት ተረት ያወራሉ፤ ልጆች «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ይባባላሉ። ይህም ትምህርት ነው። ልጅ ማድመጥንና ማሰብን ከዚህ ያገኛል።

፬. ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት

ፋሲካ አልፎ ግንቦት ገባ። አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ትልቋን ልጅ ለአንድ ጎረምሳ ጠየቁ። «ትምህርት ቤቱም ተዘግቷል። ድግስም ስለተከለከለ ወጪ የለበትም። የልጁ አባት አንድ ወይፈን ይሰጣል» አሉ።

አባት መልስ ለመስጠት ቀጠሮ ያዘ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። አንድ በሬ ላለው ሰው ወይፈን ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት በሬ ቢኖረው የሰው ቀን ሳይጠብቅ ያርሳል።

«ቤት ተቀምጣ ምን ትሠራለች? ትምህርት ቤቱ ይከፈት አይከፈት ማን ያውቃል?» አለ ለሚስቱ።

እናት ቆጣ አለች። «እንዴ! ቤት መች ተቀመጠች? ያንተኑ ልጆች እያስተማረች አይደለም ወይ? እኔን በአሥራ አራት ዓመቴ ዳሩኝ። ስሜን ያነበብኩት ግን ባለፈው ረቡዕ ነው። እሷም ልጆች ወልዳ ስሟን እንድታነብ ነው የምትፈልግ?»

አባት መልስ አልሰጠም። ጠዋት ወደ እርሻ ሊወጣ ሲል በበሩ ላይ ቆመ። ትልቋ ልጅ ታናሽ ወንድሟን እንጨት እያስፈታች ሒሳብ ታስረዳዋለች። ትንሿም አጠገቧ ተቀምጣ ታያለች። አባት ጥቂት ቆሞ አዳመጠ፤ ከዚያ ቀንበሩን ተሸክሞ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ሲመጡ፣ «አክብራችሁ መምጣታችሁን አመሰግናለሁ። ልጄ ግን ገና ልጅ ናት፤ ትምህርቷንም አልጨረሰችም። ሕጉም 18 ዓመት ሳይሞላት አይፈቅድም» አላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ቅር ብሎት ሄደ። አባትም በዚያ ዓመት በመቀናጆ ማረሱን ቀጠለ።

፭. ትምህርት ቤት ሲከፈት

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ተከፈቱ። ሦስቱ ልጆች ተመለሱ። ትንሿ ልጅ ፊደሏን ለይታ ታነብ ነበር። ትልቋ 7ኛ ክፍል ገባች። በደብተሯ የጻፈቻቸውን የማይታወቁ ቃላት ለአስተማሪዋ አሳየች።

ሁሉም ነገር ግን አልተሟላም። ወንዱ ልጅ በሒሳብ ቢበረታም በሳይንስና በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ይህን በቤቱ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አስተማሪው ዓመቱን ሙሉ ደከመበት። ስለዚህ የቤት ትምህርት ትምህርት ቤትን አይተካም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ግን እሳቱ እንዳይጠፋ ፍሙን በአመድ ያዳፍነዋል።

ከዚያም በኋላ በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው አካባቢዎች ነበሩ። ትምህርት ቤት ክፍት በሆነ ጊዜም ቢሆን፣ ዕድሜያቸው ገና ያልደረሰ ሕፃናት በየቤቱ አሉ። ስለዚህ ይህ ልማድ ለሁልጊዜ ይጠቅማል።

ምን እንማራለን?

1. በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። ነገር ግን መቋረጥ የለበትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።
2. የቤት ሥራን ለወንዱም ለሴቷም ማካፈል ለሁሉም የመማሪያ ጊዜ ይሰጣል።
3. አመድ፣ እንጨት፣ ገበያና ከሣጥን የሚወጣ ወረቀት ሁሉ የትምህርት መሣሪያ ነው።
4. ትልቁ ልጅ ታናሹን ሲያስተምር ራሱም ይማራል።
5. ለማስተማር ሁሉን ማወቅ አያስፈልግም። የማያውቁትን ጽፎ መጠየቅ ይበቃል።

ለመወያያ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ለምን አልተሳካም?
2. ትንሿ ልጅ ፊደል በቃሏ እያወረደች «በ»ን መለየት ለምን አቃታት?
3. እርስዎ ከ52 ላይ 27ን በእንጨት እስር ቀንሰው ያሳዩ። ስንት እስር ፈቱ?
4. በአባት ቦታ ቢሆኑ ለሽማግሌዎቹ ምን ይመልሱ ነበር? ለምን?
5. በቤትዎ ጽሑፍ ያለባቸውን ነገሮች ይቁጠሩ። ከመካከላቸው አንዱን ዛሬ ማታ ከልጅዎ ጋር ያንብቡ።