ቁልፍ ጠባቂው መልስ ሲነሣን

በሊኑክስ የምትሠሩ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ብዙዎችን ግራ ስለሚያጋባ አንድ ነገር ጥቂት ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ጂፒጂ የተባለው የምሥጢር መቈለፊያ ጀርመናዊው ቨርነር ኮኽ የደረሰው ሲሆን፣ 1.0 የተባለው እትሙ በ1999 እ.ኤ.አ. ወጣ። ዋጋ አይጠየቅበትም። ከእርሱ ጋራ ጂፒጂ-ኤጀንት የሚባል፣ ከበስተኋላ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ እኛ «ቁልፍ ጠባቂ» እንለዋለን።

የምሥጢር ቁልፋችን በዲስኩ ላይ የሚቀመጠው በይለፍ ቃል ተቈልፎ ነው። ጠባቂው የይለፍ ቃሉን በትንሽ መስኮት ይጠይቀናል፤ ከነገርነውም በኋላ ለ10 ደቂቃ ያስታውሰዋል። በተጠቀምንበት ቍጥር ጊዜው ይታደሳል፤ ነገር ግን እኛ ካልለወጥነው በቀር ከ2 ሰዓት አያልፍም።

እንግዲህ የመመረቂያ ጽሑፉን ቈልፎ ያስቀመጠ አንድ የአዳማ ተማሪ፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ፋይሉን ሊከፍት ቢል ጠባቂው ዝም አለው እንበል። መንሥኤው ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት ሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛ፤ ጠባቂው ጠይቋል፣ እኛ ግን አላየነውም። መስኮቱ በሌሎች መስኮቶች ተሸፍኖ ይሆናል። በተርሚናል የምንሠራ ከሆነም፣ ጂፒጂ-ቲቲዋይ የተባለው ተለዋዋጭ የምንሠራበትን ተርሚናል ካላመለከተው፣ ጥያቄውን የት እንደሚያወጣ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ጠባቂው ራሱ ፈዞ ቀርቷል። ጂፒጂኮንፍ በተባለው መሣሪያ «ኪል» ብሎ ማስቆም ነው። በተፈለገ ጊዜ እንደ ገና ራሱ ይነሣል። የሚጠፋው ያስታወሰው የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ቁልፉ በዲስክ ላይ ነውና አይነካም።

ሦስተኛ፤ መብራት መጥፋቱ ያመጣው ነው። ጂፒጂ የቁልፎቹን መዝገብ ሲይዝ፣ የራሱን የሥራ ቍጥር የጻፈበት የማገጃ ፋይል ያኖራል፤ ሲጨርስ ያነሣዋል። ከሞጆ እስከ ባቱ እንደምናውቀው መብራት በድንገት ይጠፋል፤ ባትሪው የደከመ ኮምፒውተርም አብሮ ሲጠፋ ፋይሉ ሳይነሣ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲበራ ያ ቍጥር ለሌላ ፕሮግራም ደርሶ ከሆነ፣ ጂፒጂ ባለቤቱ ያለ መስሎት ይጠብቃል። ምልክቱም መቈለፊያ እየጠበቀ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ከነቍጥሩ መታየቱ ነው። ቍጥሩ የማን እንደ ሆነ በፒኤስ ትእዛዝ እንመርምር፤ የጂፒጂ ወገን ካልሆነ፣ ስሙ በ«ሎክ» የሚያልቀውን ፋይል ብቻ መሰረዝ ይበቃል።

«ብቻ» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በንዴት የጂፒጂን ማኅደር በሙሉ የሚሰርዝ ሰው አይጠፋም። የምሥጢር ቁልፎቹ የሚኖሩት ግን እዚያው ውስጥ ነው። ቅጂ ከሌለው፣ ያን የመመረቂያ ጽሑፍ ኮኽ ራሱ ቢመጣ ሊከፍትለት አይችልም። ስለዚህ ዛሬውኑ የምሥጢር ቁልፋችሁን በፍላሽ ገልብጣችሁ፣ ከኮምፒውተሩ ለይታችሁ አኑሩ፤ የይለፍ ቃሉንም አብራችሁ አትጻፉ።