የቅዱስ ፓትሪክ ቀንና ምልክቶቹ

ዛሬ ወደ አየርላንድ ልወስዳችሁ ነው።

አየርላንድ በምዕራብ አውሮፓ የምትገኝ ደሴት ናት። በየዓመቱ ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8 ቀን፣ ሕዝቡ አረንጓዴ ለብሶ አደባባይ ይወጣል። ሙዚቃ አለ፣ ሰልፍ አለ። የበዓሉ መነሻ ግን ሃይማኖት ነው፤ ቀኑ ቅዱስ ፓትሪክ ያረፈበት ነው ተብሎ ይታሰባል።

ፓትሪክ የኖረው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። የተወለደው ብሪታንያ ውስጥ ነው። 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ወንበዴዎች ማርከው አየርላንድ ወሰዱት። እዚያም ባሪያ ሆኖ 6 ዓመት መንጋ ጠበቀ። በብርድና በዝናብ ይጸልይ እንደነበር ራሱ ጽፏል። በመጨረሻም አምልጦ አገሩ ገባ።

እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ካደገ በኋላ ጳጳስ ሆኖ ወደዚያው ወደ አየርላንድ ተመለሰ። ሊበቀል መሰላችሁ? ወንጌል ሊያስተምር! የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም እኮ በልጅነቱ ተይዞ አክሱም የመጣ፣ ኋላም ጳጳስ ሆኖ የተመለሰ ነው።

አሁን ምልክቶቹን እንይ።

1ኛ. ሻምሮክ፦ ባለሦስት ቅጠል ትንሽ ተክል ስትሆን የእኛን ማገጥ ትመስላለች። ፓትሪክ ሥላሴን ያስተማረው በእሷ ነው ይባላል። ቅጠሉ ሦስት፣ ግንዱ አንድ!

2ኛ. እባብ፦ ፓትሪክ እባቦችን ከደሴቲቱ አባረረ የሚል አፈ ታሪክ አለ። ሳይንስ ግን ከበረዶ ዘመን በኋላ ደሴቲቱ በባሕር ስለተከበበች እባብ አልደረሰባትም ይላል። ስለዚህ ብዙዎች እባቡን የክፋትና የጣዖት ምሳሌ አድርገው ያዩታል።

3ኛ. አረንጓዴ፦ የሻምሮክና የለምለሟ አገር ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሡ አየርላንዳውያንም መለያቸው አድርገውት ነበር።

ጓደኞቼ፣ አረንጓዴ ልብስ መልበስ ቀላል ነው፤ ማንም ገዝቶ ይለብሳል። ከባዱ ፓትሪክ ያደረገው ነው። እኛ በእረፍት ሰዓት "ኳሴን ቀማኝ" ብለን ሳምንት ሙሉ እንኳረፋለን። እሱ ግን 6 ዓመት ባሪያ ወደነበረበት አገር በፍቅር ተመለሰ። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ ትመለሱ ነበር? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን።

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!