የቆመው ባቡር ምን ትቶልን ሄደ?

ናይሮቢንና ድሬዳዋን የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? ሁለቱንም ያስቆረቆራቸው ባቡር ነው።

ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1899 እዚህ ረግረግ ሜዳ ሲደርስ ናይሮቢ ተቆረቆረች። ከጅቡቲ የተነሣው ደግሞ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ወጪ ስለሚያበዛ ግን ከታች በሜዳው አለፈ። በዚህም ምክንያት በ1902 ድሬዳዋ ተመሠረተች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የሐዲዱ ስፋት እንደ ናይሮቢው አሮጌ ሐዲድ 1 ሜትር ነበር።

በ2016 ሰፋ ያለ አዲስ መስመር ተመረቀ። አሮጌው ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ግን አስቀድሞ ሥራ አቁሞ ነበር። ታዲያ ምን ቀረ? በድሬዳዋ ጣቢያውና የጥገና ጋራዡ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የሰፈር ስም ቀረ። «ለገሃር» በፈረንሳይኛ «ጣቢያው» ማለት ነው። ባቡሩ ቢቆምም የታክሲ ረዳቱ ዛሬም «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ይጣራል።

ብረት ይዝጋል፤ ትዝታም ካልተጻፈ ይጠፋል። እኛ ከዚህ ሆነን ሐዲዱን ማየት አንችልም፤ በባቡሩ የተሳፈሩትን ግን መጠየቅ እንችላለን።

መልመጃ
1. ድሬዳዋ ለምን በሜዳው ላይ ተቆረቆረች?
2. «ለገሃር» ማለት ምን ማለት ነው?
3. በዚያ ባቡር የተጓዘ ዘመድ ወይም ጎረቤት ፈልጉ። ከየት እንደተሳፈሩ፣ በየጣቢያው ምን ይሸጥ እንደነበር ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።

ወላጆች፣ ልጆቹ ሲጠይቋችሁ እባካችሁ ሳትሰለቹ ንገሯቸው።