ለሥነ ልቡና መውጫ ፈተና የጥናት ፕሮግራም

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሥነ ልቡና ዲግሪ ለማግኘት የመውጫ ፈተናን ማለፍ፣ ከመቶ 50 ማምጣት ግድ ሆኗል። ብዙዎቻችን ፕሮግራም ስናወጣ የምንወደውን እናስቀድማለን፤ ስታትስቲክስን ለመጨረሻው ሳምንት እንገፋዋለን። የምንጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተጠና ነገር በፍጥነት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ የከበደንን ዛሬውኑ እንጀምር፤ በማግስቱ፣ ኋላም በሳምንቱ፣ ደብተር ሳንገልጥ ራሳችንን እንጠይቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉዱማሌ ዛፍ ሥር በቡድን መጠያየቅ ደኅና ነው፤ ጨዋታ ካሸነፈን ግን ቤት ይሻለናል። ለፊቼ ጨምበላላም ሁለት ቀን ክፍት እንተው። ዕለቱን አያንቶዎች ኮከብ አይተው ስለሚወስኑ፣ ፕሮግራሙን በእርሳስ መጻፍ ይበጃል። ያን ጊዜ ጉዱማሌ የጥናት ቦታ አይሆንማ!