በበረዶ ሥር የተገኘ ተራራ

በምድር ሰሜናዊ ጫፍ ትልቅ ባሕር አለ። ብርዱ እጅግ ስለሚበረታ የውኃው ገጽ ረግቶ በረዶ ይሆናል። ሰው ይሄድበታል፤ አውሮፕላንም ያርፍበታል። ከሥሩ ያለውን ግን ዓይን አያየውም።

ታዲያ በዚያ ባሕር ውስጥ ተራራ መኖሩ እንዴት ታወቀ?

በ1948 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ሄደው በረዶው ላይ አረፉ። በረዶውን በሱና ከባድ ነገር የታሰረበት ሽቦ ወደ ውኃው ለቀቁ። የጉድጓድን ጥልቀት በገመድና በድንጋይ እንደ መለካት ነው። በጣም ጥልቅ ነው ይባል በነበረው ቦታ ሽቦው ቶሎ መሬት ነካ። ለካስ ከሥር ተራራ ኖሯል! በኋላ ሲለካ የተራራው ሰንሰለት 1,800 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከባሕሩ ወለልም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል።

ምን ስም ወጣለት? ሎሞኖሶቭ ተባለ።

ሚኻይል ሎሞኖሶቭ በ1711 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሩሲያ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ገበሬ ነበር። ልጁ በ19 ዓመቱ ትምህርት ፍለጋ ከሩቅ ሰሜን ሞስኮ ድረስ ተጓዘ። የገበሬ ልጅ አይገባም ስለሚባል «የመኳንንት ልጅ ነኝ» ብሎ ገባ። አብረውት የሚማሩ ትናንሽ ልጆች በጣት እየጠቆሙ ሳቁበት። እሱ ግን ትምህርቱን አልተወም። ታላቅ ሊቅ ሆነ፤ ስለ ሰሜኑ ባሕርና ስለ በረዶውም ጻፈ።

የባሕር ወለልን የሚያሳይ ካርታ ስታገኙ ሰሜን ዋልታ አጠገብ ፈልጉ። የዚያን የገበሬ ልጅ ስም ራሳችሁ ታነቡታላችሁ።